ወሬ ብዬ የቆጠርኩት ትምህርት

ይድረስ ለውድ እህቴ ለረውዳ አሕመዲን
ዳሎቻ

አሰላሙ ዐለይኩም። እህቴ ረውዳ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ከሩቅ አገር የተነሣው ሰላምታዬ ደጃፍሽ ላይ ጫማውን አውልቆ እንዲገባ እመኛለሁ። ጤናሽ እንዴት ነው? ያ በብርድ ወቅት የሚነሣብሽ ወገብሽ ዘንድሮ ተወሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ችለሽ ዝም ብለሽ ነው? አባባስ እንዴት ነው? ዓይኑ ከበፊቱም ደከመ ብለሽ ከጻፍሽልኝ ወዲህ ልቤ አላረፈም። ለውዱእ ሲነሣ አሁንም ማንም አይምራኝ ይላል ወይስ እጁን መስጠት ለመደ? ሙኒራ ትምህርቱን ወደደችው? ትንሹ ሙባረክስ አፉን ፈታ? ከድር ከአዲስ አበባ ሳያቋርጥ ይጽፍልሻል? ባልሽ ብዕር የሚከብደው ሰው ስለሆነ ነው መጠየቄ፤ እንዲህ ማለቴን ግን አትንገሪው።

እኔ አልሐምዱሊላህ በአካሌ ደህና ነኝ። ወባ ከጥቅምት ወዲህ አልነካችኝም፤ ምግቡንም አገሩንም ለምጃለሁ። በሐሳቤ ግን ደህና አይደለሁም። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ዙሪያ ጥምጥም ከመሄዴ በፊት ዋናውን ልንገርሽ። በጥር ወር፣ ዝውውሬ ተፈቅዷል፣ ከክረምት በኋላ ዳሎቻ ገብቼ አባባን እኔ እይዛለሁ፣ አንቺም ልጆችሽን ይዘሽ ከድር ዘንድ ትገቢያለሽ ብዬ የጻፍኩልሽ ነገር ቀርቷል። አልመጣም። ያስቀረው ደግሞ መንግሥትም ጠላትም አይደለም፤ እኔው ራሴ ነኝ። አራት ዓመት ከባልሽ ተለይተሽ የጠበቅሽውን ነገር በገዛ እጄ አበላሽቼዋለሁ። ተናደጂብኝ፣ መብትሽ ነው፤ ነገር ግን እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ነገሩ የጀመረው በመስከረም መጨረሻ ነው። የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት እንዴት እንደሚሰጥና ተማሪው በእርግጥ ምን እንደሚማር ይጠና ተብሎ ከበላይ ትእዛዝ መጣ። ለየትምህርት ቤቱ ቅጽ ታደለ። በኛ ትምህርት ቤት ቅጹን የሚሞላውና ሪፖርቱን የሚጽፈው ጀይላን ይሁን ተባለ። ታውቂኛለሽ፣ ኃላፊነት ሲሰጠኝ ደረቴ ይነፋል። ያን ሰሞን ሸሚዝ ሳልተኩስ ከቤት አልወጣሁም።

ሥራው ሲታይ ቀላል ነው። ሜዳው ጥግ ትቀመጫለሽ፤ በየሁለት ደቂቃው የእጅ ሰዓትሽን አይተሽ ቀና ትዪና ተማሪዎቹን ትቆጥሪያለሽ። የሚንቀሳቀሰው ስንት ነው፣ መምህሩን የሚያዳምጠው ስንት ነው፣ ዝም ብሎ ተራ የሚጠብቀው ስንት ነው፣ ትምህርቱን ትቶ ወሬ የያዘው ስንት ነው። አራት ዓምድ ነው፤ ሌላ ነገር የሚጻፍበት ቦታ የለውም።

የሰውነት ማጎልመሻ የምናስተምረው ሁለት ነን። ሰባተኛና ስምንተኛን እኔ እይዛለሁ፤ አምስተኛና ስድስተኛን ጋሼ ማቴዎስ ይይዛል። ጋሼ ማቴዎስ የዚሁ አገር ተወላጅ ነው። ቤቱ ከሚዛን ተፈሪ አጠገብ ካለችው ከአማን ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው፤ ከሚስቱ ከማርያምና ከስድስት ልጆቹ ጋር ጥቂት የቡና እግር እየተንከባከበ ይኖራል። ዲፕሎማ የለውም። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ሽማግሌውን ሁሉ ፊደል ሲያስቆጥር ታይቶ፣ በኋላ አጭር ኮርስ ወስዶ ነው የተቀጠረው። ፊሽካ የለውም። መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን ፊሽካህ የት አለ ብዬ ብጠይቀው፣ ልጆቹ ስማቸውን ያውቁታል አለኝ። እኔ ደግሞ የፊሽካ ሰው ነኝ። በኔ ክፍል በአንድ ፊሽካ ስልሳ ልጅ ይነሣል፣ በአንድ ፊሽካ ስልሳ ልጅ ይቀመጣል። እንግዳ ሲመጣ ርእሰ መምህሩ የሚያሳየው የኔን ክፍል ነው።

ያን ጊዜ ጋሼ ማቴዎስ የከፍታ ዝላይ ያስተምር ነበር። ሜዳችን ጭቃ ስለሆነ ልጆቹ ከቡና መፈልፈያው ገለባ በጆንያ ተሸክመው አምጥተው ከምረዋል፤ በሁለት እንጨት ላይ ገመድ ተወጥሯል፤ ልጁ ዘሎ ገለባው ላይ ይወድቃል። አንዱ ሲዘል ብዙዎቹ ቆመዋል። መቆም ብቻ አይደለም፣ ያወራሉ። አንዱ የአንዱን ክንድ ይጎትታል፣ ሌላው እግሩን እያነሣ ያሳያል፣ ሁሉም በቤንችኛ ይንጫጫል። ጋሼ ማቴዎስ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በመካከላቸው ይዞራል እንጂ ዝም በሉ አይልም። እኔ ቤንችኛ ከሰላምታ በላይ አላውቅም። ስለዚህ ቀና ባልኩ ቁጥር ወሬ በሚለው ዓምድ ሥር እሞላለሁ። የራሴን ክፍል የቆጠርኩት ደግሞ እኔው ነበርኩ፣ በአፌ ፊሽካ በእጄ እርሳስ ይዤ። እንግዲህ ማን እንደሚበልጥ አንቺው ፍረጂ።

በኅዳር ሪፖርቱን ጨርሼ ላክሁ። በጋሼ ማቴዎስ ክፍል ከግማሽ በላይ የሆነው ተማሪ ክፍለ ጊዜውን ቆሞ በወሬ ያሳልፋል፣ መምህሩም ሥርዓት አያስከብርም ብዬ ጻፍኩ። ተቆጣጣሪያችን ጓድ በላይነህ አንብቦ ጠራኝ። እንደዚህ የተሟላ ሥራ ከየትም አልመጣልኝም አለ። አራት ዓመት ስታመለክት የቆየህበትን ዝውውር ዘንድሮ እኔ እገፋልሃለሁ፣ አባትህን ሂድና ጡር አለኝ። ከቢሮው ስወጣ መሬት አልረገጥኩም።

በታኅሣሥ እኔም በተራዬ፣ ብዙዎቹ ዘንድሮ ከሌላ ትምህርት ቤት የመጡትን ሰባተኛ ክፍሎቼን ለከፍታ ዝላይ አወጣኋቸው። ታምሩ የሚባል ልጅ አለ፤ እግሩ ረጅም፣ ጉልበት ያለው፣ ነገር ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ያንን ገመድ ማለፍ ያቃተው። እኔ እነፋለሁ፣ እሱ ይሮጣል፣ ገመዱን ይዞ ይወድቃል፣ እኔ ድገም እለዋለሁ። ከዚህ ሌላ ያልኩት ነገር አልነበረም። አንድ ቀን ዓለምሸት የምትባል፣ አምና ጋሼ ማቴዎስ ያስተማራት ልጅ ከሰልፍ ወጥታ ታምሩን ጠጋ አለችና በቤንችኛ የሆነ ነገር አለችው። ፊሽካዬን ነፍቼ ወሬ ይቁም ብዬ ጮኽኩባት። ወደ ሰልፏ ተመለሰች። ታምሩ በሚቀጥለው ሩጫ ገመዱን አለፈው። በደንብ አለፈው።

ከክፍል በኋላ ጠርቼ ምን እንዳለችው ጠየቅኋት። የምመታት መስሏት አንገቷን ደፋች። ኋላ ቀስ ብላ፣ ገመዱ ሥር ከደረስክ በኋላ ነው የምትነሣው፣ አንድ እርምጃ ቀድመህ ተነሣ፣ ክንድህንም አብረህ አንሣው ነው ያልኩት አለችኝ። ይህን ማን አስተማረሽ ብላት በጋሼ ማቴዎስ ክፍል ሦስት ሦስት ሆነው እንደሚመደቡ ነገረችኝ። አንዱ ሲዘል አንዱ እግሩን፣ አንዱ እጁንና ትከሻውን ያያል። ያየውን ለዘለለው ልጅ ሳይነግር ተራ አይሰጠውም። ለመንገር የማይችል ደግሞ እንደገና እንዲያይ ይደረጋል እንጂ አይዘልም። ሕጉ ይኸው ነው።

አላምን ብዬ ልጅቷን በእረፍቷ ሰዓት ይዤ ጋሼ ማቴዎስ ሜዳ ጥግ ሁለት ቀን ተቀመጥኩ። ልጆቹ የሚሉትን እየሰማች ትነግረኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ትከሻህ ቀድሞ ዞረ። በቀኝ እግርሽ ተነሺ። ፈራሽ እንጂ አልደከመሽም። ከሩቅ ስትሮጥ ጥሩ ነበርክ፣ ስትቀርብ ዓይንህን ጨፈንክ። ሦስት ገጽ ሞላ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ስለ ጠፋች ፍየላቸው ሲያወራ የተገኘው አንድ ልጅ ብቻ ነው። ወሬ ብዬ የሞላሁት ዓምድ ትምህርቱ ራሱ ነበር፤ እንዲያውም ከኔ ክፍል የጎደለው ትምህርት እሱ ነው።

ረውዳ፣ ያኔ የኛ ትምህርት ቤት ትዝ አለኝ። አንደኛ ክፍል ስገባ አማርኛ አንድ ቃል አላውቅም ነበር። አንቺ ቡታጅራ አክስታችን ዘንድ ቆይተሽ ስለመጣሽ ታውቂ ነበር። መምህሩ የተናገረውን በስልጢኛ ጆሮዬ ሥር ትነግሪኝ ስለነበር ነው ፊደል የያዝኩት። ለዚያም ነው ወሬኞች ተብለን ጠጠር ላይ የተንበረከክነው፤ ጉልበትሽ ላይ ምልክቱ አለ። እኔ ያን ጊዜ መምህር ስሆን እንዲህ አላደርግም ብዬሽ እንደነበር ታስታውሺ ይሆናል። አፈርኩ። ሰው ሲያፍር ጆሮው ይግላል የሚሉት እውነት ነው።

አሁን የሚመጣውን ስትሰሚ አትፍረጂብኝ ልልሽ ፈልጌ ተውኩት፤ ፍረጂ። ይህን ያወቅኩት በታኅሣሥ ነው። ያ በደስታ የሰከረ ደብዳቤዬ የጥር ነው። አባባን ገላውን አጥቤ፣ መስጊድ ወስጄ እያልኩ ስጽፍልሽ ሁሉን አውቅ ነበር። ሪፖርቱ የሆነ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይለብሳል፣ ማን ያነበዋል፣ ጋሼ ማቴዎስን ማን ይነካዋል እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ሁለት ወር ዝም አልኩ። በመንገድ ሳገኘው ሰዓቴን አይቼ ቸኩያለሁ እለው ነበር። እሱ ደግሞ ሁልጊዜ ስለ አባባ ዓይን ይጠይቀኛል።

በየካቲት ደብዳቤ ደረሰው። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ማጂ በኩል ወዳለ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ተዛውረሃል ይላል። ምክንያት ብሎ የጠቀሰው የኔን ሪፖርት ነው። ጋሼ ማቴዎስ በጸሎት ነገር ከዚህ በፊትም ዓይን የተጣለበት ሰው ነው፤ ዝርዝሩን በደብዳቤ አልጽፈውም፣ ይገባሻል። ሰበብ ሲፈለግለት ቆይቶ ሰበቡን እኔ አቀበልኩ። ማጂ ሩቅ ነው፣ ክረምት ሲገባ መንገዱ ይዘጋል። እዚያ የሚነገረው ሌላ ቋንቋ ስለሆነ እሱም ከተማሪዎቹ ጋር እንደኔው ሊሆን ነው። ማርያም የመጨረሻውን ልጅ ከወለደች ወዲህ በእግሯ አልቆመችም። ስድስት ልጅና የታመመች ሚስት ትቶ ይሄዳል ማለት ነው።

ደብዳቤው በደረሰው በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት ቤቴ መጣ። ከልጁ ደብተር የተገነጠለ ሁለት ቅጠል ወረቀት ይዟል። አንተ ብዕርህ ጥሩ ነው፣ አቤቱታ ጻፍልኝ አለኝ። የማያውቅ መሰለኝ። ጋሼ፣ ያስነሣህ እኮ የኔ ሪፖርት ነው አልኩት። አውቃለሁ አለ፤ ጓድ በላይነህ አንብቦልኛል፣ ወዳንተ የመጣሁትም ለዚሁ ነው። አልዋሸህም፣ ያየኸውን ነው የጻፍከው። የሚሉትን ግን አልሰማህም። ከዚያ ወዲህ ሰምቷል ብለው ልጆቹ ነግረውኛል፤ እንግዲህ የሰማኸውን ደግሞ ጻፍ አለኝ። እንደሰማሁ እያወቀ ሁለት ወር ጠብቆኛል ማለት ነው። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

የሱን አቤቱታ በሱ ስም አልጻፍኩም፤ በራሴ ስም ጻፍኩ። በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ክፍል፣ ስንት ልጅ ወሬ ብዬ እንደቆጠርኩና ልጆቹ በእርግጥ ምን ይባባሉ እንደነበር ዘረዘርኩ። ይህ አልበቃ ብሎኝ ሁለቱን ክፍሎች በአንድ ገመድ አዘለልኳቸው። ከኔ ሰባተኛ ክፍሎች ግማሹ ያላለፉትን ከፍታ የሱ ስድስተኛ ክፍሎች ከጥቂት ልጆች በቀር ሁሉም አለፉት። እሱንም ጻፍኩ። ስለ ራሴ ክፍል ያንን መጻፍ ከሁሉም ከበደኝ፣ ልደብቅሽ አልችልም።

ጓድ በላይነህ ክፉ ሰው አይደለም። ወረቀቱን አንብቦ ሲጨርስ አጥፎ ወደኔ መለሰው። ጥናቱ ልክ ካልሆነ በጥናቱ ምክንያት የተደገፈልህ ዝውውርም ልክ አይሆንም፣ እኔም ያመሰገንኩህ ሰውዬ መሣቂያ እሆናለሁ አለኝ። ይህን ወረቀት እንዳላየሁት ልቁጠርልህ፣ እስከ ሰኞ አስብበት፣ አባቴ ዓይን የለውም ያልከኝ አንተ ነህ አለ። ሦስት ቀን አሰብኩ። ሰኞ ጠዋት ሁለት ጊዜ የቢሮው በር ላይ ደርሼ ተመለስኩ። አንዱን ጊዜ አማን ድረስ ሄጄ አንድ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ ቀረሁ። ያን ሁሉ ጊዜ ያሰብኩት ስለ ጋሼ ማቴዎስ አልነበረም፤ ስላንቺ ነበር። ለመንገድ ያዘጋጀሽውን ሻንጣ አሥር ጊዜ ፈተሽ አሥር ጊዜ ስታስሪ ትታየኝ ነበር። በሦስተኛው ገብቼ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

መልሱ ባለፈው ሳምንት መጣ። የኔ ዝውውር ተሰርዟል፤ ማኅተም ያረፈበት ነው፣ የሚለመን ነገር የለውም። የጋሼ ማቴዎስ ግን አልተሰረዘም። እስከ ሰኔ ድረስ እዚሁ ይቆይ፣ ጥናቱ የአገሩን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ተጨምሮበት ከአዲስ ይሠራ ተብሏል። ከሰኔ በኋላ ምን እንደሚሆን ማንም አያውቅም። ሁለታችንም ልንጎዳ እንችላለን። እሱ ማጂ ሄዶ እኔ እዚሁ ቀርቼ፣ አንቺም እዚያው ቀርተሽ፣ ያደረግኩት ሁሉ ለማንም ሳይጠቅም ሊቀር ይችላል። ይህን እያወቅኩ ነው ያደረግኩት፤ ከዚህ የተሻለ ነገር ልነግርሽ ብችል ደስ ባለኝ።

ጥፋቱ የኔ ነው፣ የምትከፍዪው ግን አንቺ ነሽ። ሰው ፊት ደፋር መስዬ የታየሁት ባንቺ ትከሻ ነው። ብጠይቃት እሺ ትለኝ ነበር እያልኩ ራሴን ላጽናና እችላለሁ። ነገር ግን አልጠየቅኩሽም። እምቢ ብትዪኝ ምን እንደማደርግ ስለማላውቅ ነው ያልጠየቅኩሽ፤ እውነቱ ይኸው ነው። ሐምሌ እንደገባ መጥቼ ክረምቱን ሙሉ አባባ ዘንድ እሆናለሁ፤ አንቺ ልጆቹን ይዘሽ ከድር ዘንድ ሂጂ። ሁለት ወር አራት ዓመትን አይመልስም፣ አውቃለሁ። ለከድርም ለብቻው እጽፍለታለሁ፤ አንቺ ስለኔ ይቅርታ አትጠይቂው፣ እኔ ልጠይቀው።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ ነጋዴ ትንሽ ኮረሪማና አንድ ጠርሙስ ማር ይዞልሻል፤ ማሩ የጋሼ ማቴዎስ ነው፣ ለአባትህ ብሎ ነው የሰጠኝ። ሙኒራን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ በክፍል ውስጥ ጓደኛዋ ያልገባትን ነገር በቋንቋዋ ብታስረዳት ጥፋት እንዳልሆነ ንገሪልኝ። ሙባረክን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። አክስታችንን፣ ከጎናችን ያሉትን ሐጂንና ቤተሰባቸውን፣ ከብቶቹን የሚጠብቁልንን አሕመድንና ሚስቱን በያሉበት ሰላም በያቸው። ለጋሼ ማቴዎስ ልጆች ዱዓ አድርጉላቸው።

ለአባባ ሰላምታዬን ለብቻው ያልጻፍኩት ረስቼው አይደለም። ደብዳቤዎቼን ስታነቢለት መጥፎ መጥፎውን እየዘለልሽ እንደምታነቢለት አውቃለሁ፤ ስመጣ የሚጠይቀኝ ሁልጊዜ ስለ ደጉ ደጉ ብቻ ነው። ይህን ግን ከሰላምታው እስከ ስሜ ድረስ አንድም ቃል ሳታስቀሪ አንብቢለት። ልጁ እንደማይመጣ ከኔ ቃል ይስማ። ከተቆጣ ቁጣውን ሳትቀንሺ ጻፊልኝ። ምንም ሳይናገር ዝም ካለም፣ ዝም አለ ብለሽ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ ጀይላን አሕመዲን
ሚዛን ተፈሪ
መጋቢት 14 ቀን 1978 ዓ.ም.